የሠልስቱ ጠዋት ቆጠራ

«መምህር፣ ነገ ጠዋት እኮ ነው» አለች ንጋት። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች እንዳይሰሟት አንገቷን ደፍታ፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ነበር የምትናገረው።

ውበቴ ስለ ሠልስቱ የምታወራ መሰለው። «አዎ፣ ነገ ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስም ይጠራል፣ ከዚያ ካህናቱ ይመጣሉ። አንቺ የእድሩ አባል ስላልሆንሽ ሲመችሽ ብትመጪ ይበቃል።»

«ሠልስቱን አይደለም የምልዎ፤ ቆጠራውን ነው። ቆጣሪዎቹ ዛሬ ማታ ሞጣ ይገባሉ። ነገ ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ድልድዩ ጋ ለአውቶቡሱ መስመር ተሳፋሪ ይቆጥራሉ። ጸደንያ ስምንት ወር ሙሉ ይደገም እያለች ስትለምነው የነበረው ቆጠራ ነው።»

ውበቴ እጁ ላይ የያዘውን ንፍሮ አየ። ከሰኞ ጀምሮ ሰው እፍኝ እፍኝ ሲያስይዘው ይቀበላል፣ ሳይበላው መልሶ ሳህኑ ላይ ያደርገዋል። አሁንም መልሶ አደረገው።

«ቀኑን አይለውጡትም?» አለ።

«ጠየቅኋቸው። የሞተችው እኮ ባለሙያዋ ራሷ ናት አልኳቸው። ‹እግዚአብሔር ያጽናችሁ› አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ ‹ከነገ ወዲያ ሌላ ከተማ ቀጠሮ አለን፣ በዚህ ዓመት ተመልሰን አንመጣም› አሉ።» ንጋት ድንኳኑን በዓይኗ ዞረችው። አግዳሚዎቹ ሁሉ ሞልተው ሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ነገ ጠዋት ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ከሆነ ድልድዩ ጋ ማን ይቆጠራል፣ መምህር?»

ንጋት ከጸደንያ ጋር አንድ ቢሮ ትሠራ ነበር፤ ሁለቱም የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ናቸው። ወይም ነበሩ። ውበቴ ይህን ‹ነበሩ› የሚባል ነገር እስካሁን አልለመደውም፤ ትናንት ማክሰኞ እህቱን ቀብሮ ዛሬም ለሚመጣው ለቀስተኛ ‹ጸደንያ ትላለች› እያለ ይናገራል።

ማዶ ሰፈርን ከሞጣ መሀል ከተማ የሚለየው ወንዝ ነው። ሰፈሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጤፍ ማሳ ነበር። መሀል ከተማ የቤት ኪራይ ሲወደድ አስተማሪውም፣ ነርሱም፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛም ወንዙን እየተሻገረ ጎጆውን ቀለሰ። ሥራው ግን አልተሻገረም፤ ሆስፒታሉም፣ ትምህርት ቤቶቹም፣ ጽሕፈት ቤቶቹም እዚያው ቀሩ። ስለዚህ በየጠዋቱ ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው ድልድዩ ጋ ይሰለፋል፣ የሚያመላልሰውም ባጃጅ ብቻ ነው። ባጃጅ ሦስት ሰው እንዲጭን ሕግ አለ። ሕጉን አሳምሮ የሚያውቀው ሰው ነው ሰባተኛ ሆኖ የሚሳፈረው።

ጸደንያ ሰኞ ጠዋት ሰባተኛ ነበረች። ከሹፌሩ ጎን፣ ግማሽ አካሏ ውጭ ሆኖ ነበር የተቀመጠችው፤ ባጃጁ ቁልቁለቱን ሲጨርስ ተገለበጠ። የትራፊክ ፖሊሱ ‹ሦስት ተሳፋሪ፣ አራት ትርፍ› ብሎ ጻፈ። እሷ ከትርፎቹ አንዷ ናት። ማዶ ሰፈርን ከከተማው የሚያገናኝ የአውቶቡስ መስመር ያቀደችው፣ ፌርማታዎቹን በእግሯ እየዞረች ምልክት ያደረገችው ሴት ትርፍ ተብላ ሞተች።

ድንኳን ውስጥ ሰው ቀስ ብሎ ያወራል፣ ቀስ ብሎ የተወራው ሁሉ ግን ይሰማል። ከፊቱ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ ይዘዋል።

«አውቶቡሱ ይመጣል ሲባል አልነበር እንዴ?»

«የት መጥቶ። እሷው ናት አሉ ቆጥራ ሰው የለም ያለቻቸው።»

«ጸደንያ?»

«እንግዲህ እንደዚያ ነው የሚወራው። በገዛ እጇ።»

ውበቴ ‹እሷ አይደለችም› ሊል አፉን ከፈተ። ‹ታዲያ ማነው?› ቢሉትስ? አፉን መልሶ ዘጋ፣ ሴቶቹም ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ነገሩ ከሆነ ስምንት ወሩ ነው። የእድሩ መሥራች መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አርፈው፣ ውበቴ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ አስነፋ። የማዶ ሰፈር እድር ዳኛ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። ሥራውን ሁሉ ከስም ጥሪ የሚጀምር፣ በስም ጥሪ የሚጨርስ ሰው ነው። ጡሩምባው ሳያባራ ጸደንያ በሩን በሁለት እጇ እየመታች ደረሰች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቆጠራ ነው።»

«መሪጌታ አርፈዋል።»

«ሰማሁ፣ ነፍስ ይማር። ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?»

«በስድስት ሰዓት።»

«እንግዲያው ሠራተኛው አሁን ወደ ሥራው ይሂድ፣ በስድስት ሰዓት ቀብር ይደርሳል። ስንት ጊዜ ደብዳቤ ጽፌ ያመጣኋቸው ሰዎች ናቸው። ሦስት ሰዓት ቆጥረው ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ ሰው ካላዩ አውቶቡሱን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ድንኳን የሚተክለው ማነው? መቃብር የሚቆፍረው ማነው? ጡሩምባ ከተነፋ በኋላ ከቀብር በፊት ማንም ወደ ጉዳዩ አይሄድም። ደንብ ነው።»

«ድንኳን ለመትከል ዘጠኝ መቶ ሰው ምን ያደርግልሃል?»

«ዛሬ ላንቺ ብዬ ብለቅ ነገ ማንን እይዛለሁ?»

ጸደንያ ስትናደድ አትጮህም። ጫማዋ ላይ የነበረውን ጭቃ ደፉ ላይ ጠረገች። «እሺ። እኔን ግን አትጠብቀኝ፣ እዚያ ነኝ» ብላ ሄደች።

ያን ቀን በሦስት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሰው ተቆጠረ፤ አብዛኛው ከገጠር እንጨት ይዞ የመጣ ነበር። ከወር በኋላ ‹የተሳፋሪ ፍላጎት በቂ ሆኖ ስላልተገኘ› የሚል ደብዳቤ መጣ። ዘጠኝ መቶው ሰው በዚያ ሰዓት እድሩ ቦታ ተቀምጦ፣ የእድሩ ዳኛ ስም እየጠራ ነበር። ‹ጸደንያ› ብሎ ሦስት ጊዜ ጠራ፣ ሦስት ጊዜም ዝም ተባለ። ‹ቀሪ› ብሎ መዘገባት። ሰዎቹም ‹ለእህቱ እንኳ አያዳላም› አሉ፣ ውበቴም ይህን ወደደው። እስከ ሰኞ ድረስ ወዶት ኖረ።

በእድሩ ደንብ ያለ ፈቃድ ከቀብር የቀረ ሰው በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ውበቴ እህቱን ቤት ጠርቶ ነገሩን በዝምታ ሊያልፈው ይችል ነበር። አላለፈውም። እሑድ ጸደንያ ጉባኤው ፊት ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ስሜ ሲጠራ ድልድዩ ጋ ነበርኩ» አለች። «ሰው ልቆጥር ሄጄ ሰው አጣሁ። ሁላችሁም እዚህ ነበራችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሰው ሳቀ። ውበቴም ፈገግ አለ። ጸደንያ ያችን ፈገግታ አይታለች፤ እንዳየችም እሱ ያውቃል።

ያው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ንጋት የጸደንያን ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችለት። ተጠቅልሎ የቆየ የካላንደር ጀርባ ላይ የተሣለ መንገድ ነው፤ ፌርማታዎቹ በቀይ እስክሪብቶ ተከበዋል። ከእያንዳንዱ ፌርማታ ጎን የሰው ዝርዝር አለ። ‹ሰብለ ወንጌል፣ ነርስ፣ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ጠዋት ተመላሽ።› ‹የሂሳብ መምህሩ፣ ሁለት ልጆች ይዞ።› አርባ ጠዋት ሰልፉ ላይ እየቆመች ሰውን አንድ በአንድ ‹የት ነው የምትወርዱት?› እያለች የሰበሰበችው ነው።

አንዱን ፌርማታ አውቆት ነበር። ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከእናታቸው ከእማሆይ ወለተ ሥላሴ ደጅ ፊት ለፊት ነው። አንድ ቀን በቀልድ ‹ይሄ የዘመድ ሥራ ነው› ብሏት፣ እሷ አልሳቀችም። ‹ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት አሮጊቶች የሚያርፉት እዚህ ድንጋይ ላይ ነው፤ ሄደህ እይ› አለችው። ሄዶ አላየም።

ወረቀቱን ሲያጥፍ የድሮ ነገር መጣበት። ቢቸና ያስተምር በነበረ ጊዜ አባታቸው ስለሞቱ ጸደንያን ወስዶ እሱ ነው ያሳደጋት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለፋሲካ ወደ ሞጣ ሲመለሱ በጭነት አይሱዙ ላይ የመጨረሻውን ቦታ እየተጋፋ ያዘ፣ እሷን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ግንደወይን ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እጇን ዘርግታ ስትለምን መኪናው ጥሏት ሄደ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች።

«እሷን ማን ይወስዳታል?»

«ሌላ መኪና ይመጣል።»

«መቼ?»

«ይመጣል አልኩሽ።»

ሞጣ እስኪገቡ ድረስ ‹መቼ› እያለች አለቀሰች። ውበቴ የልጅ ነገር ብሎ ተወው፣ እንዲያውም ለዘመድ እየነገረ ያስቅ ነበር። ጸደንያ ግን አልተወችውም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስትመለስ ሌላ ከተማ ሥራ እያላት ሞጣን የመረጠችው ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ የእድሩ ሽማግሌዎች ከድንኳኑ ጓሮ አግዳሚ ስበው ተቀመጡ። ውበቴ ነገሩን ሳይዞር ተናገረ። ነገ ስም ጥሪው ይቅር፣ ሠራተኛው ጠዋት ወደ ሥራው ይሂድ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሠልስቱ ይመለስ።

የእድሩ ጸሐፊ ሀብተ ሥላሴ አናጢ ነው፤ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ አጎቱ ነበሩ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አያ ውበቴ፣ ኀዘን ላይ ስለሆንክ ነው እንጂ ይሄን አትልም ነበር። የሠልስት ጠዋት ስም ጥሪ ቀርቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ለማንም ያልቀረ ለእህትህ ይቅር? ድንኳኗ ባዶ ሆኖ ካህናት ሲገቡ ምን እንላለን? እማሆይስ ምን ይሉናል?»

«ለእማሆይ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ሀብተ ሥላሴ ሲናገር ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፣ ለዚህም ነው ይበልጥ ያሳመመው። «በአጎቴ ቀብር ቀን ልጅቷ ደጅህ ድረስ መጥታ ለምናህ እምቢ ብለሃል። እኔም ደስ ብሎኛል፣ አጎቴን አከበርክልኝ። አሁን ስም ጥሪውን ካስቀረህ ያኔ አጥፍተሃል ማለት ነው። ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው።»

«አጥፍቻለሁ» አለ ውበቴ።

ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ።

«እኔ እንግዲህ በአንተ ፋንታ ስም አልጠራም» አለ ሀብተ ሥላሴ በመጨረሻ። «ሂዱም ግን አልላቸውም። ያን አንተው በል።»

እማሆይ ወለተ ሥላሴ ቤት ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነበሩ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቆብ ከጫኑ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ውበቴ አብረዋቸው የነበሩትን ሴቶች ‹አንድ ጊዜ› ብሎ አስወጣና ከፊታቸው ቁጭ አለ።

«ነገ ጠዋት ሰዎቹን ወደ ሥራ ልልካቸው ነው።»

«የትኞቹን?»

«ሠራተኛ የሆነውን ሁሉ።»

«ከልጄ ለቅሶ?»

ነገራቸው። ጡሩምባውን፣ በሩ ላይ ያለችውን፣ እሱ የመለሰላትን፣ ሠላሳ ስምንቱን ሰው፣ የእሑዱን ይቅርታ ነገራቸው። ፈገግታውን ግን ሊነግራቸው አልቻለም። እማሆይ ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ።

«ይቅርታ በይ አልካት? ሰው ፊት?»

«አዎ።»

«አለች?»

«አለች።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ቤተ ክርስቲያን። እንዳይነግሩዎ ያልኩ እኔ ነኝ።»

እማሆይ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

«በአባቷ ቦታ ነበርክ» አሉ። «ያኔ እሷ ልቀቃቸው ስትልህ ያዝክ። አሁን እኔ ያዝልኝ ስልህ ትለቃለህ። መቼ ነው አንድ ቀን እንኳ የለመነህን ሰው የምትሰማው?»

«እማሆይ፣ ነገ ካልተቆጠረ...»

«ገብቶኛል። ሞኝ አይደለሁም።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። «ውጣ። ሴቶቹን አስገባልኝ።»

ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑ ከቀብሩ ዕለት ይልቅ ሞልቶ ነበር። ስም ይጠራል የተባለ ቀን ማዶ ሰፈር አይቀርም። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጥቁር ሹራብ የደረቡ ወንዶች፣ ከነጠላዋ ሥር የነርስ ልብሷን የለበሰችው ሰብለ ወንጌል ሳትቀር ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሀብተ ሥላሴ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልከፈተውም። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከድንኳኑ ጥግ፣ ከአሮጊቶቹ መሀል ተደግፈው ነበር፤ ወደ ውበቴ አላዩም።

አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ ንጋት እያለከለከች ገባች። «እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ነው የቆጠሩት» አለችው በጆሮው።

ውበቴ ተነሣ።

«ዛሬ ስም አይጠራም» አለ። «ድልድዩ ጋ የአውቶቡሱ ቆጠራ አለ። ሥራ ያላችሁ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ተሰለፉና ተቆጠሩ። ከሰዓት በኋላ ትመለሳላችሁ።»

ማንም አልተነሣም። ይሉኝታ ነው፤ ኀዘንተኛ ‹ሂዱ› ሲል ‹ኧረ አንሄድም› ማለት ወግ ነው፣ እሱ ደግሞ ‹እባካችሁ› እያለ እንዲለምን ይጠበቃል። ሰዎቹ እንደዚያ መሰላቸው።

«ኧረ መምህር፣ ለአንድ ቀን ሥራ ብለን ጸደንያን ጥለን?» አለ ከኋላ አንድ አስተማሪ።

«ምን በወጣን» አሉ ሌሎቹ። ሰብለ ወንጌል ሰዓቷን አየች፤ ማንም ስላልተነሣ እሷም አልተነሣችም።

«ስሙኝ» አለ ውበቴ። «ሰው የለም ብላ የቆጠረችው ጸደንያ ናት እያላችሁ ነው። አይደለችም። የመሪጌታ ቀብር ዕለት ሠራተኛው ይሂድ፣ በስድስት ሰዓት ይመለሳል ብላ እግሬ ሥር ወድቃ ለምናኛለች። እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ይዣችሁ የነበርኩት እኔ ነኝ። አውቶቡሱን የከለከልኳችሁ እኔ ነኝ።»

እግሩ ሥር አልወደቀችም። ይህን ከየት እንዳመጣው ራሱም አላወቀም፤ ምናልባት ነገሩ ካደረገው በላይ እንዲከብድበት ፈልጎ ይሆናል። ትናንት ሲያሙ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ግን አሁንም ማንም አልተነሣም፤ እንዲያውም ካሁን በኋላ መነሣት እሱን እንደ መውቀስ ስለሚቆጠር ይበልጥ ተጣብቀው ተቀመጡ።

እንግዲያው አንድ መንገድ ብቻ ቀረው። ጫማውን አጠለቀ፣ በአግዳሚዎቹ መሀል አልፎ ከድንኳኑ ወጣ። ኀዘንተኛ ሠልስት ሳያወጣ ከደጁ አይርቅም፤ ሀብተ ሥላሴ ‹አያ ውበቴ፣ ምነው› ሲለው ሰማ። ዞር አላለም። ወደ ድልድዩ የሚወስደውን ጠጠር መንገድ ያዘ።

የመጀመሪያዋን ኮቴ ከኋላው የሰማው ከመጋዘኑ አጠገብ ሲደርስ ነበር። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ብዙ ኮቴ ሆነ። ኀዘንተኛው ከወጣ ተቀምጦ መቅረት ነውር ሆነባቸው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ይሉኝታቸው በጀ።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ተሰለፈ። ሰዎቹ ከኋላው ተደረደሩ፤ ሰልፉ ረዝሞ ከወፍጮ ቤቱ አለፈ። አንዲት ቆጣሪ ሰሌዳዋ ላይ ወረቀት አስራ ከፊት ወደ ኋላ እያለፈች ትጠይቃለች፣ ምልክት ታደርጋለች። ንጋት ጎኗ ናት።

«ዛሬ በዓል አለ እንዴ? ሁሉም ነጠላ ለብሷል» አለች ቆጣሪዋ።

«በዓል የለም» አለች ንጋት። «ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ናቸው።»

ቆጣሪዋ ውበቴ ጋ ደረሰች። «አባት፣ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

ውበቴ የሚሄድበት አልነበረውም። ‹ወደ መሀል ከተማ› አላት፣ ምልክት አደረገች። ለምን ጉዳይ እንደሆነ ስትጠይቀው ንጋት ቀድማ ‹የግል ጉዳይ በይው› አለቻት።

ከኋላው ያለው ሹክሹክታ በድንገት ቆመ። ዞር ሲል ሰዎቹ መንገድ እየለቀቁ ነው። እማሆይ ወለተ ሥላሴ በመቋሚያቸው እየተደገፉ፣ ማንም እጃቸውን ሳይዝ፣ በሰልፉ ጎን እየተራመዱ መጡ። ትንፋሻቸው ይሰማ ነበር። ከውበቴ ኋላ ያለችው ሰብለ ወንጌል ወደ ኋላ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው። ውበቴ ክንዱን ዘረጋ። አልያዙትም፣ አላዩትም። እሱ አጠገብ አልቆሙም፤ ጸደንያን የምታህል አንዲት ሴት የሚያስቆም ክፍት ቦታ በመሀላቸው ትተው ቆሙ።

«እማሆይ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ» አለ ከኋላ አንዱ። «ሰልፉ ይጠጋ።»

እማሆይ አልተጠጉም።

«እናቴ፣ እርስዎስ ወዴት ነዎት?» አለች ቆጣሪዋ።

«አንቺ ቁጠሪኝ ብቻ» አሉ።

ቆጣሪዋ ንጋትን አየች፤ ንጋት አንገቷን ደፋች። ምልክት አደረገችላቸውና ወደ ሰብለ ወንጌል አለፈች። በዚህ መሀል ባጃጅ መጥቶ ከፊት ያሉት ተሳፈሩ፣ ሰልፉም አንድ እርምጃ ሄደ። ውበቴ አንድ እርምጃ ሄደ። እማሆይም መቋሚያቸውን አንሥተው አንድ እርምጃ ሄዱ፣ ያንኑ ቦታ ክፍት እንደተዉ።